ባዶው ቀይ ምስማር

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። "ትርሲት፣ ቾል ነኝ። ጋምቤላ፤ የብየዳው ቾል" አለ ደዋዩ። ድምፁን ከሰማሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ደስ ብሎኝ "አንተ! እንዴት ነህ?" ልል ስል ቀደመኝ።

"ጋሽ ኡመድ ሞተ" አለኝ። "ሐሙስ ነው የሞተ። ትናንት ቀበርነው፤ አቦቦ፣ እናቱ ጎን። አንቺ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ "ስንት ዓመታቸው ነበር?" አለኝ። መዶሻ በግራ እጃቸው እንደሚይዙ አውቃለሁ። ሲስቁ ድምፅ ሳይወጣቸው ትከሻቸው ብቻ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሻይ ላይ ስኳር ሲጨምሩ እንደ ሕፃን እንደሚሰስቱ አውቃለሁ። ዕድሜያቸውን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እኔ ዛሬ ጅማ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የምርት ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ትምህርቴ ግን የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ነው። ስለ ብረት፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ሰው ጊዜ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት አንዲት መስኮት ላይ ቆሜ፣ አማርኛን አድገው በተማሩ፣ ዲፕሎማ በሌላቸው አንድ የአኝዋክ ፎርማን እጅ ነው።

ጋምቤላ የተመደብኩት ክልሉ ገና ክልል አሥራ ሁለት በሚባልበት ጊዜ ነበር። ከተማው ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል። ማኅተም ይቀረጻል፣ ኃላፊ ይሾማል፤ ኃላፊው የሚቀመጥበት ወንበር ግን የለም። ትምህርት ቤቱ ዴስክ ይፈልጋል። ጤና ጣቢያው አልጋ፣ አዲሱ ቢሮ የበር መቀርቀሪያ፣ ወፍጮ ቤቱ ሻፍት የሚባለውን የሚሽከረከር ዘንግ፣ ጀልባ ያለው ሰው ለጀልባው ብረት ይፈልጋል። ሁሉም የሚመጣው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ባሮ ወንዝ ዳር ማንጎ ዛፎች ሥር ወዳለው ወደኛ ወርክሾፕ።

ወርክሾፑ በቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ አንድ ቶርኖ ማሽን፣ ሁለት የብየዳ ማሽኖች፣ አንድ መሰርሰሪያና አንድ መጋዝ አለው። መብራት የምናገኘው ከራሳችን ጄኔሬተር ነው፤ ናፍጣው ከደጋ በመኪና ስለሚመጣና መንገዱም ስለማይታመን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር የሚነሣው። ከስድስት በኋላ ያለው ሥራ በእጅ የሚሠራ ነው፤ ሙቀቱ ከፈቀደ። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ጊዜ አለመምጣቱ ነው። ዛሬ አልጋ፣ ነገ የጋሪ አክስል፣ ከነገ ወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማንጠልጠያ።

የእኔ ሥራ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሥራ ትእዛዝ መቀበል ነበር። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሥራውን ስታስረክበኝ "ብዙ አይከብድም፤ ነገ ይምጡ ማለት ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ወለሉ በተጀመረና ባልተጨረሰ ነገር ተሞልቷል። ጠዋት አንዱ ጮኾ ሄደ ማለት ከሰዓት በፊት የሱ ሥራ ይጀመራል፤ ሌላው መጥቶ ከሱ በላይ ሲጮኽ የመጀመሪያው ይቆምና የሁለተኛው ይጀመራል። ማንም ሥራ ፈትቶ አይታይም፤ ሁሉም ላብ በላብ ነው። ከበሩ የሚወጣ ዕቃ ግን የለም።

ከኢታንግ ጤና ጣቢያ የምትመጣ አንዲት አዋላጅ ነበረች። ሁለት እግሩ የተሰበረ የማዋለጃ አልጋ አምጥታ አስመዝግባለች። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ አምስት ጊዜ ተመላልሳ አምስት ጊዜ "ነገ" ብያታለሁ። በስድስተኛው አልተቆጣችም። መስኮቱ ላይ ክርኗን አስደግፋ ቀስ ብላ "ሴቶቹ መሬት ላይ እየወለዱ ነው። እኅቴ፣ ነገ አትበይኝ። 'አንሠራም' በይኝና ልረፈው" አለችኝ። አልጋው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ስቶር ገብቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ኡመድ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። አልዌሮ ግድብ ሲሠራ የማሽን ጥገና ክፍሉ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከሸሚዛቸው ኪስ እርሳስና ታጣፊ ሜትር አይጠፋም። ፎርማን ተብለው ተመደቡ። ኃላፊያችን ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ስለነበር ሸክሙን የሚጋራው ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። የቶርኖ ባለሙያው ደምሴ ግን አልተደሰተም። በከተማው ብቸኛው የቶርኖ ዲፕሎማ የሱ ነበር፤ "ግድብ ላይ ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው እኔን ሊያዝዝ ነው?" ብሎ ጋሽ ኡመድ በሚሰሙበት ቦታ ተናገረ። እሳቸው ያልሰሙ መሰሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልሠሩም። የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠው ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ወደ መስኮቴ መጥተው "በጣም ብዙ ጊዜ የመጣ ሰው ማነው?" አሉኝ። ስለ አዋላጇ ነገርኳቸው። አልጋውን እኔና እሳቸው ከዴስክ ክምር ሥር ፈልገን አወጣነው። ከዚያ ራሳቸው እየተሸከሙ በሥራው መንገድ ሁሉ ይዘውት ዞሩ፤ ከመስኮቱ ወደ ስቶር፣ ከስቶር ወደ መጋዝ፣ ከመጋዝ በጓሮ ዞሮ ወደ ብየዳ፣ ከብየዳ ተመልሶ ወደ መሰርሰሪያ። በሄዱበት ሁሉ ከኋላቸው ሲባጎ ይዘረጋሉ። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ያዩዋቸዋል። አልጋው በዚያው ቀን ተሠርቶ አለቀ። እሳቸውም ሲባጎውን ሰብስበው ከበሩ ጀምሮ ወደ ውጭ ዘረጉት። ማንጎዎቹን አልፎ፣ አጥሩን አልፎ፣ ባሮ ዳር ደርሶ ገና አላለቀም። ሳቁ ቆመ።

"ሥራው አንድ ሰዓት ነው" አሉ። "መንገዱ ይሄ ነው። እንቅልፉ ደግሞ አራት ወር። አንድ ሰዓት ለመሥራት አራት ወር መተኛት፣ ይሄ በሽታ ነው።"

በማግስቱ አዋላጇ ሳትጠራ መጣች። አልጋውን ስታየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ኡመድ መኪናው ላይ ራሳቸው ጫኑላት።

ከዚያ ማሽን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። መሰርሰሪያውን ነቅለው ከብየዳው አጠገብ ተከሉት፤ መጋዙን ወደ ስቶሩ በር አስጠጉት። ሥራዎቹን የሚለዩት በስማቸው አልነበረም። "አልጋ፣ ዴስክ፣ የጀልባ መቀመጫ፤ ስሙ ሦስት ነው፣ መንገዱ አንድ ነው" ይሉ ነበር። ሁሉም ቱቦ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ስለዚህ የቱቦ ልጆች፣ የላሜራ ልጆች፣ የድቡልቡል ብረት ልጆች ብለው ከፈሏቸው። "ሥራው በየቀኑ ሌላ ነው፤ እንዴት ሥርዓት ይይዛል?" ላላቸው ሰው መልሳቸው ይሄ ነበር፦ ሰው ሁሉ መልኩ ይለያያል፤ ገበያ የሚሄደው ግን በአንድ መንገድ ነው።

አንድ ጠዋት ስገባ ከመስኮቴ ጎን ጣውላ ተሰቅሏል። አሥር ምስማሮች በአንድ ረድፍ ተመትተውበታል። ከበላያቸው ለብቻው አንድ ምስማር አለ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ። ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ታርጋዎች ሰጡኝና ጻፊ አሉኝ። "የማዋለጃ አልጋ" ብዬ ስጀምር አስቆሙኝ።

"ዕቃ አይጠብቅም። የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰውየውን ጻፍ።"

እዚህ ላይ ስለ አማርኛቸው ልናገር። ለኔ አንዳንዴ "አንቺ" አንዳንዴ "አንተ" ይሉኛል። "እርስዎ" የሚባል ነገር ግን አፋቸው ላይ የለም፤ ለሁሉም ያው "አንተ" ነው፣ ለዘበኛውም ለኃላፊውም። ንቀት አልነበረበትም። በኋላ ግን ዋጋ አስከፈላቸው።

ሕጉ ቀላል ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ በአንድ ጊዜ አሥር ሥራ ብቻ ይገባል። አንድ ታርጋ ካልወረደ ሌላ አይሰቀልም። የቀረው በመጣበት ተራ እኔ ዘንድ ሣጥን ውስጥ ይቆያል፤ ዕቃውም ማንጎ ሥር ይቀመጣል እንጂ ወለሉን አይረግጥም። ቀዩ ምስማር ሰው ለሚሞትበት ሥራ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆኖ ሲውል ኃላፊያችን "አንድ ሥራ እኮ ይይዝልን ነበር" ሲላቸው "ባዶ ምስማር ሥራ አልፈታም። ዘበኛ ነው" አሉት።

እኔ ፈራሁ። እስካሁን "ነገ" እያልኩ አባብያለሁ፤ አሁን ለሰው ፊት ለፊት "ሥራህ የሚገባው የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነው" ልበል? ይሰድቡኛል አልኳቸው። በርሜላቸውን አስጠግተው ተቀመጡ።

"ውሸትም ያናድዳል፣ እውነትም ያናድዳል" አሉኝ። "እውነት ግን የሚያናድድ አንድ ቀን ነው። ውሸት በየቀኑ።"

ተሰደብኩ፤ አዎ። ግን ሐሙስ ያልኩት ሰው ሐሙስ መጥቶ ዕቃውን ወሰደ። ከወር በኋላ ሰዎች መስኮቴ ላይ መጮኽ ተዉ። ታርጋቸውን አይተው፣ ከፊታቸው ያሉትን ስሞች አንብበው ይሄዳሉ። አኝዋኩ የኑዌሩን ስም፣ ኑዌሩ የደገኛውን ስም ያነባል። ማንም ማንንም ዘሎ እንዳላለፈ ጣውላው ይናገራል። በዚያ ከተማ በዚያ ጊዜ ይሄ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ደምሴ ግን አልተበገረም። ጄኔሬተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ሲነሣ እሱ ገና ብረቱን የሚነክሰውን መንጋጋ ሲቀይር፣ መለኪያውን ካሊፐር ሲፈልግ፣ የመቁረጫውን ብረት ሲስል ናፍጣው ይነድዳል። ጋሽ ኡመድ "ሞተሩ ተኝቶ እያለ አንተ ንቃ። ሞተሩ ሲነቃ ብረት ብቻ ይብላ" አሉት። "ቶርኖ ላይ ቆመው ያውቃሉ?" አላቸው ደምሴ። "አላውቅም" አሉ፤ "አንተ ታስተምረኛለህ።"

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጋሽ ኡመድ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይገቡና የደምሴን ማሽን ይጠርጋሉ። የዕለቱን ሥራ ታርጋ አይተው መንጋጋውን ያስራሉ፤ መሣሪያዎቹን በአገልግሎታቸው ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። ደምሴ ሲመጣ "ልክ ነው?" ብለው ይጠይቁታል። ሲሳሳቱ ይነግራቸዋል፤ ያስተካክላሉ። ፎርማን የሆነ ትልቅ ሰው እንደ ረዳት ሲያገለግለው መጀመሪያ ኮራ፤ ቀጥሎ አፈረ። አንድ ማክሰኞ ጋሽ ኡመድ ሲገቡ ማሽኑ ተጠርጎ፣ ሁሉ ነገር ተደርድሮ፣ ደምሴ እጁን ሲጠርግ አገኙት። ወደ መስኮቴ መጥተው ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

አሁን አማርኛቸው ዋጋ ወዳስከፈለበት ወደ ወንበሮቹ ታሪክ ልምጣ።

መጋቢት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን የሚያንጫጫበት ወር። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሁለት አጃቢ ጋር መጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንግዶች ስለሚመጡ ለአዳራሹ አርባ ወንበር ያስፈልጋል አለ። ያለው ሥራ ሁሉ ቆሞ ሠራተኛው በሙሉ ወንበር ላይ እንዲረባረብ፣ ታርጋውም ቀዩ ምስማር ላይ እንዲሰቀል አዘዘ። ስለ ቀዩ ምስማር ሰምቷል ማለት ነው።

ጋሽ ኡመድ ግራ ገባቸው። ከልባቸው ነበር የጠየቁት፦ "አንተ፣ ወንበር ከሌለ ሰው ይሞታል?"

የሰውየው ፊት ተለወጠ። "ማንን ነው አንተ የምትለው?"

ኃላፊያችን መሐል ገብቶ "ጌታዬ፣ አማርኛቸው ነው" ቢልም አልሰማውም። ጋሽ ኡመድ ግን ነገሩ የገባቸው አይመስሉም፤ እርሳሳቸውን አውጥተው ጣውላው ላይ ያሳዩታል። "አንድ ምስማር እሰጥሃለሁ። በቀን ሦስት ወንበር፣ አልቆ ተቀብቶ። እንግዳ ሳይመጣ አርባው ይሞላል። ሌላው ሰውም አይቆምም። ይሄ የመምህሩ ነው፣ ይሄ የጀልባው ሰው ነው፣ ይሄ ክራንች ነው፤ አንድ እግር ያለው ሰው ነው የሚጠብቀው። ማንን ላውርድ? አንተ አውርድና ስሙን ንገረኝ።"

"በቀን ሦስት ወንበር? ታሾፍብኛለህ?" አለ ሰውየው። ወደ ኃላፊያችን ዞሮ "ነገ ስመለስ ይህ ቤት በወንበር ብረት ተሞልቶ ማየት እፈልጋለሁ" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ለጋሽ ኡመድ ደብዳቤ መጣ። ክብር በጎደለው አነጋገርና ሥራን በማደናቀፍ ለአንድ ወር ከሥራና ከደመወዝ ታግደዋል ይላል። ኃላፊያችን አንብቦ አጠፈው። "ጋሽ ኡመድ፣ ምንም ማድረግ አልችልም" አላቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። ሜትራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ እንባዬ መጣና "እኛስ ምን እንሁን?" አልኳቸው። ጣውላውን በአገጫቸው አመለከቱ። "እሱ እዚህ አለ። እኔ ጣውላ አይደለሁም።" ከዚያ ወጥተው በባሮ ዳር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ኃላፊያችን የወንበሩን ታርጋ ቀዩ ምስማር ላይ ሰቀለ። ሁሉም ሰው ቱቦ መቁረጥ ጀመረ። ለሁለት ቀን የአርባ ወንበር እግር፣ የአርባ ወንበር መደገፊያ ተቆረጠ። ወለሉ ጠፋ። ቾል ወደ ብየዳው ለመድረስ በቱቦ ክምር ላይ ይዘላል። ሰውየው መጥቶ ክምሩን አየና "እንዲህ ነው ሥራ!" ብሎ ረክቶ ተመለሰ። አንድም ያለቀ ወንበር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ከኢታንግ አንድ የጭነት መኪና ሲያጓራ መጣ። ከሾፌሩ ጎን የወረደችው ያቺ አዋላጅ ነበረች። ሻርፕ ውስጥ የጠቀለለችውን ለሁለት የተሰበረ ብረት መስኮቴ ላይ አስቀመጠችው። "የውሃ ፓምፑ ሻፍት ነው" አለች። "ሦስት ቀን ሆነው። ሰዉ ከወንዝ እየጠጣ ነው። ትናንት ሁለት ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው ገቡ፤ ዛሬ ጠዋት ስወጣ አምስት ሆነዋል። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።"

ጣውላውን አየሁ። ቀዩ ምስማር ተይዟል። ያዘዘኝ ሰው የለም። ጋሽ ኡመድ የሉም፤ ኃላፊያችን ቢሮው ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ጎሬ ያለችውን እናቴን የሚያኖር ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ የወንበሩን ታርጋ አወረድኩና በባዶ ታርጋ ላይ "ኢታንግ፣ ሕፃናት" ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ።

ኃላፊያችን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። "ትርሲት! ምን እያደረግሽ ነው? ማን አዘዘሽ?"

"ማንም" አልኩ። "ኢታንግ ውሃ የለም።"

"ሰውየው ቢመጣስ?"

"መስኮቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ እነግረዋለሁ።"

እሱ ከመናገሩ በፊት ደምሴ ከኋላ መጥቶ የተሰበረውን ሻፍት ከመስኮቱ ላይ አነሣ፤ አገላበጠው፤ ለካው። "ሞተሩ ሊነሣ ስንት ቀረው?" አለ። ሠላሳ ደቂቃ አልነው። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ብረቱን መርጦ፣ በመንጋጋው አስሮ፣ መቁረጫዎቹን ስሎ ደረደረ። ቾል ያለ ማንም ትእዛዝ የወንበሩን ቱቦ እየተሸከመ ወደ ማንጎው ሥር ያወጣ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። ጄኔሬተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ሲነሣ የደምሴ ማሽን በዚያው ደቂቃ ብረት መብላት ጀመረ። ሦስቱንም ሰዓት አንድ ጊዜ ቀና አላለም። ስድስት ሰዓት ላይ መብራቱ ሲጠፋ ሻፍቱ በእጁ ላይ ነበር፤ የቀረውን ቦይ በሞረድ በእጁ ጨረሰው። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዞት ሄደ። አዋላጇ ከመኪናው ላይ ሆና ዞራ ዞራ ታየን ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ኃላፊያችን ማንጎ ሥር፣ ቱቦው ክምር ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ የወንበሩን ታርጋ ከአሥሩ ምስማሮች በአንዱ ላይ ራሱ ሰቀለው። "በቀን አራት" አለ፤ "የጠፋውን ቀን እንካስበት።" አርባው ወንበር እንግዶቹ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀናት በፊት አለቀ። ክራንቹም፣ የጀልባው ብረትም በቀጠሯቸው ወጡ። ሰውየው አዳራሹን አይቶ "አያችሁ? ጠበቅ ሲደረግ ይቻላል!" አለ።

የጋሽ ኡመድ ቅጣት ግን አልተነሣም። ወሩን ሙሉ ተቀጡ። ሻፍቱ በሄደ ማግስት እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። ወንዙ ዳር፣ ውሃው ሸሽቶ በተወው ጥቁር አፈር ላይ በቆሎ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አረሙን እየነቀሉ ሰሙኝ።

"ታርጋውን ማን አወረደ?"

"እኔ።"

"እጅሽ ተንቀጠቀጠ?"

"በጣም።"

"ጥሩ ነው" አሉ። "የማይንቀጠቀጥ እጅ ያላሰበ ነው።" ቀና ብለው ፈገግ አሉ። "ደምሴስ? ሞተሩ ሲነሣ ዝግጁ ነበር?"

"በዚያው ደቂቃ ነው የጀመረው።"

ጎንበስ ብለው ወደ አረማቸው ተመለሱ። ስሄድ ጾም መሆኑን አስታውሰው እሸት በቆሎ በሻርፔ ሞልተው ሰጡኝ።

ወሩ አልቆ ሥራ የገቡ ቀን፣ ለማንም ቀድሞ ሰላምታ የማይሰጠው ደምሴ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ወጥቶ በሩ ላይ ተቀበላቸው። ትከሻቸውን ሳማቸው። "እንኳን ደኅና መጡ፣ ጋሽዬ" አለ። እሳቸውም "አንተ ደኅና ነህ?" አሉት፤ እንደ ሁልጊዜያቸው።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ባለፉት ዓመታት ጅማ ድርጅታችን ውስጥ የካይዘን አሠልጣኞች መጥተው ነበር። ጥሩ ልጆች ናቸው። በግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳዩ ስለ ብክነት፣ ስለ ተራ፣ ስለ መሣሪያ አደራደር አስተማሩን። አንዱ ታዲያ "ይህ ዘዴ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ለሚያመርት ፋብሪካ ነው የሚስማማው፤ እንደ እናንተ በየቀኑ የተለያየ ትእዛዝ ለሚቀበል ቤት ይከብዳል" አለ። እጄን አወጣሁ። ስለ ቱቦ ልጆችና ስለ ላሜራ ልጆች፣ ስለ ጣውላው ነገርኳቸው። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። "ይህን የት ነው የሠለጠኑት?" አለኝ። ጋምቤላ ስለው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ከጋምቤላ የወጣሁት እናቴ ታማብኝ ነው። ጋሽ ኡመድ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣዬን ተሸክመው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው። ልነግራቸው ያሰብኩት ብዙ ነገር ነበር። ሌሊት ሁሉ ሳዘጋጀው ያደርኩት ንግግር ነበረኝ። ግን ሊሰሙኝ አልቻሉም። ዓይናቸው የአውቶቡሱ ጣራ ላይ ነው።

"እያቸው" አሉኝ። "የቡሬውን ሰው ዕቃ ታች አደረጉት። ቡሬ ላይ ሁሉንም ሊያወርዱ ነው። ጎሬ ላይ ደግሞ እንደገና።"

"ጋሽ ኡመድ፣ ይተዉት፤ ልምዳቸው ነው" አልኩ። መች ሰምተውኝ! መሰላሉን ወጡ። ከጫኞቹ ጋር ተጨቃጨቁ፤ ሾፌሩ ጮኸባቸው፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ። በመጨረሻ ጫኞቹ ተሸነፉና ሁሉም ዕቃ ወረደ። እሳቸው ከታች ቆመው እያንዳንዱን ሰው "አንተ የት ትወርዳለህ?" እያሉ ዕቃውን በተራ አስጫኑ፤ መቱ ከታች፣ ጎሬ ከመሐል፣ ቡሬ ከላይ። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ተነሣ። በመስኮት እጄን ስዘረጋላቸው እጃቸው በአቧራ ጥቁር ሆኖ ነበር፤ በሸሚዛቸው ጠርገው ጨበጡኝ። ካዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ "ደኅና ሁኑ" ብቻ አልኩ።

አቀበቱን ጨርሰን ቡሬ ስንደርስ ጫኛው ጣራ ላይ ወጣና ወዲያው ወረደ። የስድስት ሰው ዕቃ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ቀረ። በመስተዋቱ ወደ እኔ አየና "እኅቴ፣ የሸኙሽ ሰውዬ ማናቸው?" አለኝ።

"አስተማሪዬ ናቸው" አልኩት። ለሳቸው አንድም ቀን እንዲህ ብያቸው አላውቅም ነበር። እስከ ጎሬ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።